አቤሴሎም፦ ከዛፉ በፊት የወደቀበት ሌሊት

አቤሴሎም ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው ዛፉን ነው። በቅሎው ከሥሩ አልፎ ሲሄድ እርሱ በሰማይና በምድር መካከል ተንጠልጥሎ ቀረ። እኛ ግን ከበር እንጀምር።

(ምስል፦ የኢየሩሳሌም ከተማ በር፣ ማለዳ)

በዚያ ዘመን የከተማ በር መግቢያ ብቻ ሳይሆን ችሎትም ነበር። ባለጉዳይ ከየነገዱ መጥቶ ደጅ ይጠናል። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አቤሴሎም ማልዶ ይመጣና ከመንገዱ ዳር ቆሞ እያንዳንዱን አገሩን ይጠይቀዋል። ጉዳዩን ሰምቶም፣ እውነቱ ከአንተ ጋር ነው፣ ነገር ግን ንጉሡ ዘንድ የሚሰማህ የለም ይለዋል። ምነው እኔ ፈራጅ በሆንሁ! ሰውየው እጅ ሊነሣ ሲጠጋ ልዑሉ ይዞ ይስመዋል። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ይህን የልብ ስርቆት ይለዋል።

ሐሜቱ የሠራው ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው። የአባቱ ልጅ አምኖን የአቤሴሎምን እኅት ትዕማርን አስገድዶ ደፈራት፤ ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፣ ግን አልቀጣም። አቤሴሎም ሁለት ዓመት ቂሙን በሆዱ ይዞ ቆየና በበጎች ሽለታ ድግስ ላይ አምኖንን አስገደለው። ወደ እናቱ አባት፣ ወደ ጌሹር ንጉሥ ተልማይ ሸሽቶም 3 ዓመት ተቀመጠ። ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያው በኢየሩሳሌም እየኖረ የአባቱን ፊት አላየም። አማላጅ እንዲሆነው የፈለገው የጦር አዛዡ ኢዮአብ አልመጣም ቢለው የገብስ እርሻውን በእሳት አስለቀቀበት። በተዘጋ ደጅ ላይ መቆም ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

(ምስል፦ ሠረገላ፣ ፈረሶች፣ ከፊት የሚሮጡ 50 ሰዎች)

ሰው እንዲያየው ይወዳል። የተቈረጠ ጠጉሩ እንኳ በንጉሥ ሚዛን 200 ሰቅል ይመዝን ነበር፤ ከሁለት ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። በኬብሮን ነገሥሁ ብሎ መለከት ሲያስነፋ ዳዊት በባዶ እግሩ እያለቀሰ ደብረ ዘይትን ወጣ። ከአማካሪዎቹ ሁሉ የሚፈራው አኪጦፌልም ለልጁ አደረ። ይህ ሰው የቤርሳቤህ አያት ሳይሆን አይቀርም፤ የአባቷም የእርሱ ልጅም ስም ኤልያም ነው። የቤርሳቤህን ባል ያስገደለው ዳዊት መሆኑን ስናስብ ክዳቱ ብዙም አይገርምም።

አሁን ወደዚያ ሌሊት። አኪጦፌል 12,000 ሰው ስጠኝ፣ ዛሬውኑ ልከተለው፣ ሕዝቡ ይሸሻል፣ ንጉሡን ብቻ እመታለሁ አለ። አጭርና ትክክለኛ ምክር ነበር። ነገር ግን አቤሴሎምን ቤቱ ያስቀምጠዋል።

የአቤሴሎም አማካሪ መስሎ እንዲገባ ዳዊት በስውር የላከው ኩሲ ተነሣ። አባትህ ግልገሎቿን እንደተነጠቀች ድብ መሮታል፤ በሰሜን ካለችው ከዳን እስከ ደቡቧ ከተማ እስከ ቤርሳቤህ ያለው እስራኤል ይሰብሰብ፣ አንተም ራስህ ወደ ሰልፍ ውጣ፣ እንደ ጠል እንወርድበታለን፣ ከተማ ቢገባም ከተማዪቱን በገመድ ጐትተን ገደል እንጥላታለን! ከተማ በገመድ ሲጐተት ማን አይቷል? አቤሴሎም ግን በሠራዊቱ ፊት ሲወጣ ራሱን አየና ወደደው። ለዳዊት ዮርዳኖስን የሚሻገርበት ሌሊት ተገኘለት። አኪጦፌል ምክሩ እንዳልተሠራበት ሲያይ አህያውን ጭኖ አገሩ ገባ፣ ቤቱን አሰናድቶ ራሱን ሰቀለ። ውጊያው ገና ሳይጀመር ውጤቱ ገብቶት ነበር።

(ምስል፦ የኤፍሬም ዱር)

የቀረው ፈጣን ነው። በዚያ ቀን 20,000 ሰው አለቀ፤ ሰይፍ ከበላው ዱሩ የበላው በዛ። ዛፉ ላይ ያሰረው ጠጉሩ ነው የሚለው የቆየ ትውፊት ነው፤ መጽሐፉ የሚለው ራሱ ተያዘ ነው። ያየው ወታደር 1,000 ብር ቢመዘንልኝም የንጉሥን ልጅ አልነካም አለ፤ ዳዊት «ለልጁ ራሩለት» ሲል ሰምቷልና። ኢዮአብም ሰምቷል። ሦስት ጦር ወስዶ ልቡ ላይ ተከለበት።

ዳዊት ከዮርዳኖስ ማዶ ባለችው በመሃናይም ከተማ በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ኩሻዊው መልእክተኛ (ከአማካሪው ኩሲ ጋር አታምታቱት) የድል ወሬ ይዞ ሲደርስ ንጉሡ የጠየቀው ልጁ ደኅና መሆኑን ነው። ከበሩ በላይ ወዳለው ሰገነት ወጥቶ «ልጄ አቤሴሎም፣ ልጄ፣ ልጄ» እያለ አለቀሰ። ድል ያደረገው ሠራዊት እንደ ተሸናፊ ተሸማቆ ከተማ ገባ። ኢዮአብ ገሠጸው፤ ካልወጣህ ማታውን ከአንተ ጋር የሚያድር ሰው የለም አለው።

ንጉሡም ተነሥቶ በበሩ ተቀመጠ። ሕዝቡ ሁሉ ንጉሡ በበር መቀመጡን ሲሰማ ወደ ፊቱ መጣ።