አሁንስ የት ነው የምትኖሪው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ወሬዬም ስለ እንግሊዝኛዋ «ሃቭ ቢን» ናት። ቡናዬን ይዤ መስኮት ዳር ተቀምጫለሁ። ዝናቡ አሁን ገና ነው ያባራው። ጅማ ናት መቼም።

ባለፈው የሥራ ኢንተርቪው ነበረኝ፣ በስልክ፣ በእንግሊዝኛ። ሴትዮዋ «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ሊቪንግ ኢን ጅማ?» አለችኝ፤ ጅማ መኖር ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው ማለቷ ነው። ፈጠን ብዬ «አይ ሊቭድ ኢን ጅማ ፎር ኢለቨን ይርስ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አሁንስ የት ነው የምትኖሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እኮ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብያለሁ! የባጃጁ ክላክስ ራሱ ሳይሰማት አይቀርም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የገባኝ። «ሊቭድ» ብዬ ለካ በገዛ አፌ ከጅማ ለቅቄ ወጥቻለሁ። «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ብል ኖሮ 11 ዓመቱ እስከ ዛሬ ይደርስልኝ ነበር።

ሌላዋ ስህተቴ «አይ አም ዌይቲንግ ሲንስ ሞርኒንግ» ናት። ይቺን ያመጣብኝ አማርኛዬ ነው። «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው» እንል የለ? የኛ «እየ» ጠዋቱንም አሁኑንም ይሸከማል። የነሱ «አም ዌይቲንግ» አሁንን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ጠዋት ከገባበት «ሃቭ ቢን» የግድ ነው።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ ቆሟል አልኳችሁ አይደል? አስፋልቱ ግን ያብረቀርቃል። ደጃፌ ላይ ከቆመው ባጃጅ ሸራ ጫፍ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ይሄን ያየ እንግሊዝም «ኢት ሃዝ ቢን ሬኒንግ» ነው የሚለው። ቆሞም እኮ! እኛ እዚህ ላይ «እየ»ን ትተን «ሲዘንብ ነበር» እንላለን። ዓይኗ የቀላ ጓደኛችንን «ስታለቅሺ ነበር እንዴ?» እንደምንላት ማለት ነው። እኛ በሁለት የከፈልነውን እነሱ በአንድ ይጨርሱታል። ትምህርት ቤት «ሰብጀክት ሲደመር ሃቭ ሲደመር ቢን» እያልን ስንሸመድድ ይቺን የነገረን አልነበረም።

ብቻ «አይ ሃቭ ቢን ኖዊንግ ሂም» እንዳትሉ። «አይ ሃቭ ኖውን ሂም» ነው። እኛስ «ከልጅነቱ ጀምሮ እያወቅኩት ነው» እንላለን እንዴ? «አውቀዋለሁ» ነው።

ቆይ... ቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ። ገመድ ላይ ልብስ አለኝ፣ ልሂድ። ሳምንት እንገናኝ።