የቪትዝ ንድፍ ለተሳቢ
(አዳማ ላይ ስለ ከባድ መኪና ማደሪያ በተደረገ ውይይት የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)

እንደምን አደራችሁ!

የተከበራችሁ የከተማችን የፕላንና የመንገድ ባለሙያዎች፣ የመኪና ባለንብረቶች፣ ሌሊቱን ስትነዱ አድራችሁ ሳትተኙ እዚህ የተቀመጣችሁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የመድረኩ መሪ 15 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ስለ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፤ ሌላውን አጣድፌ አልፋለሁ። ከወዲሁ ይቅርታ።

አዳማ ለከባድ መኪና ምን እንደሆነች እዚህ ላለ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከጅቡቲ የጫነው መኪና ጋላፊን፣ ሚሌን፣ አዋሽን፣ መተሐራን አልፎ ይመጣል። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲደርስ ሞተሩም ሰውየውም ዝሏል። ከፊቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፣ ወረፋ አለው። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ አለች፣ በቀን ክልከላ ባለበት ሰዓት ከባድ መኪና አታስገባም። ስለዚህ መኪናው የሆነ ቦታ መቆም አለበት፤ የሚቆመውም እዚሁ ናዝሬት ነው። አዳማ ማለቴ ነው፤ የሹፌር ምላስ የድሮ ስም ቶሎ አይጥልም።

የት ነው የሚቆመው? አስፋልት ዳር። በግራው ጎማ አስፋልት፣ በቀኙ ጠጠር ረግጦ፣ ከኋላው ድንጋይ ታኮ ተደርጎለት። ሲነጋ መኪናው ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ማታ ባጃጅ መጥቶ እዚያ ድንጋይ ላይ ይወጣል። «ሹፌር ሥርዓት የለውም» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ማደሪያ ሊሠራልን ነው፤ ደስ ብሎናል። በር ላይ የተለጠፈውን ንድፍም አይተነዋል። ካፍቴሪያ አለው፣ የአበባ መደብ አለው፣ መሀሉ ላይ ዘንባባ ተስሏል። የመኪና ማቆሚያው ግን እያንዳንዱ 12 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው፤ ከፊቱም ግንብ አለ። ይህ ማለት መኪናው በአፍንጫው ገብቶ በጀርባው ይወጣል ማለት ነው። በአፍንጫዋ ገብታ በጀርባዋ የምትወጣ መኪና እናውቃለን፤ ቪትዝ ትባላለች። ንድፉ የቪትዝ ንድፍ ነው፤ ሜትሩ ብቻ ተለጥጧል።

ለመናገር የመጣሁት አንድ ነገር ይሄ ነው፦ ተሳቢ ያለው መኪና ወደኋላ እንዲሄድ የሚያስገድድ ማደሪያ አይሠራ። ሌላውን ሁሉ ብትከለክሉን እንኳ ይሄን ስጡን።

ለምን እንደሆነ፣ ከመሪ ኋላ ተቀምጦ ለማያውቅ ላስረዳ። የእኛ አገር ባለ ተሳቢ መኪና ዋናው 10 ጎማ፣ ተሳቢው 12፣ በድምሩ 22 ጎማ ነው። 400 ኩንታል ይጭናል። ተያይዞ ሲቆም ርዝመቱ 20 ሜትር አካባቢ ነው። ሴሚ ትሬለር፣ ማለትም የፊት ጎማ የሌለውና አፍንጫው ጎታቹ መኪና ላይ የሚያርፈው፣ የሚታጠፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ወደኋላ ስትሄድ መሪውን ወደ ግራ ስትይዘው ጭራው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የለመደ ሰው ያስገባዋል። ተሳቢ ግን ሁለት ቦታ ይታጠፋል። አንዱ መሳቢያ ብረቱ ከመኪናው ጋር በፔርኖ፣ በወፍራም የብረት ካስማ፣ የሚያያዝበት ነው። ሌላው የተሳቢው የፊት ጎማዎች የሚዞሩበት ክብ ብረት ነው። ወደፊት ሲጎተት ሁለቱም ቀጥ ይላሉ። ወደኋላ ሲገፋ ግን የመጀመሪያው ያጠፈውን ሁለተኛው ገልብጦ ያጥፈዋል። ሦስት አራት ሜትር እንደተሄደ መሳቢያው ወደ ጎን ይወድቃል። እዚያ ላይ ሹፌሩ ካልቆመ መሳቢያ ብረቱ ይጣመማል፣ የመብራት ገመዱ ይነቀላል፣ የአየር ቱቦዎቹ ይወጠራሉ። ቀዩ ቱቦ ከተበጠሰ የተሳቢው ፍሬን አየር ሲያጣ ራሱን ይይዛል። ከዚያ በኋላ 400 ኩንታል የያዘ ግንድ በግቢው መሀል ተጋድሟል። ከኋላው ያሉት መኪኖች አይወጡም፣ ከፊቱ ያሉት አይገቡም። ያለው አማራጭ ተሳቢውን ፈትቶ መኪናውን ለብቻ ማውጣት፣ አዙሮ መጥቶ እንደገና ማያያዝ ነው። ይህ ሁሉ በጨለማ፣ በድካም፣ ሌላው ክላክስ እየነፋበት።

የብረቱስ ይሁን፤ ብረት ይበየዳል። የረዳቱን ነገር ተመልከቱ።

መኪና ወደኋላ ሲሄድ ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ይቆማል። በእጁ የሞባይል መብራት ይዟል። «ና! ና! ትንሽ ወደ ግራ! ና!» ይላል። ሹፌሩ የሚያየው በስፖኪዮ ነው። ተሳቢው መታጠፍ ሲጀምር በአንደኛው ስፖኪዮ የሚታየው የራሱ የተሳቢው ጎን ብቻ ነው፤ በሌላኛው የሚታየው ባዶ ግቢ ነው። ልጁ ከሁለቱም ጠፍቷል። የቀረው ድምፁ ነው፤ እሱንም ሞተሩ ይውጠዋል። ሹፌሩ «ና» የሚለውን ሰምቶ «በቃ» የሚለውን ላይሰማ ይችላል። ልጁ ደግሞ የቆመው በተሳቢውና በግንቡ መካከል ነው።

አደጋ ሲደርስ መዝገቡ ላይ «የሹፌር ጥፋት» ተብሎ ይጻፋል። ግንቡን እዚያ ቦታ ላይ የሳለው እርሳስ ግን አንድም ቀን ለምስክርነት ተጠርቶ አያውቅም!

ስለዚህ የምንፈልገው ከፊት ተገብቶ ከፊት የሚወጣበት ቦታ ነው። መስመሩ በ45 ዲግሪ ያጋደለ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት፣ ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ። የአንዱ ቦታ ስፋት 4 ሜትር ተኩል ይሁን። መኪናው 2 ሜትር ተኩል ነው፤ በየጎኑ አንድ ሜትር ሲተርፍ የጋቢናው በር ይከፈታል፣ ጎማ እያንከባለለ ሰው ያልፋል። ርዝመቱ 25 ሜትር ይሁን። የመታጠፊያው የውጭ ራዲየስ ከ14 ሜትር አይነስ። ተሳቢ ደግሞ የመኪናውን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የፊቱ ጎማ ዘንባባውን አንድ ሜትር ርቆ ሲያልፍ የተሳቢው የኋላ ጎማ የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ይወጣል። ጠርዙ የሚቀደው የጎማውን ጎን ነው፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ አይጠገንም። ዘንባባው ይተከል፣ ዛፍ እንወዳለን፤ ግን አጥሩ ዳር ይሁን። ጥላው ጋቢና ላይ የሚያርፍ፣ ቅርንጫፉ ከ5 ሜትር በታች የማይወርድ ይሁን።

የሚሰጠን መልስ ይገባኛል። «መሬት የለም፤ እንደዚህ ከሆነ 100 የነበረው ማቆሚያ 60 ይሆናል» ትሉናላችሁ። እሺ፣ እንቁጠር። 20 ሜትር መኪና 12 ሜትር ቦታ ውስጥ ስታቆሙ 8 ሜትሩ የት ይሄዳል? መተላለፊያው ላይ ነዋ! ወይ ሹፌሩ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ በአግድም ይቆማል። በወረቀት 100 የሆነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስንት እንደሚቀር አጥር ዳር ቆሞ መቁጠር ነው። ስልሳ በሥርዓት ገብቶ በሥርዓት የሚወጣ ስጡን፤ አርባውን መርቀን እንተውላችኋለን!

ለሴሚ ትሬለር ብቻ ወደኋላ የሚገባበት ጥቂት ቦታ ይኑር ከተባለ እንስማማለን። ግን ቦታው በሹፌሩ ግራ በኩል ይሁን። ሹፌሩ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ጭራውን ያያል፤ በቀኝ ከሆነ ዕውር ነው። ይህን ለማድረግ የግቢውን የጉዞ አቅጣጫ መገልበጥ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ወጪው የቀስት ቀለም ነው።

የበሩም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ትኬት የሚቆረጥበት በር አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ጋቢናው ትኬት ሲቆርጥ ተሳቢው ዋናው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። በሌሊት ከመተሐራ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ ያን ጭራ የሚያየው ሲደርስበት ነው። በሩ ከአስፋልቱ ቢያንስ 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ሁለት መኪና ተከታትሎ ይቆምበታል። መግቢያና መውጫው ይለያይ።

መሬቱ ኮንክሪት ይሁን። ናፍታ አስፋልትን ያሟሟል፤ መኪና በሚያድርበት ቦታ ደግሞ ናፍታና ዘይት መንጠባጠቡ አይቀርም። በአዳማ ፀሐይ የላላ አስፋልት ላይ ከጎታቹ ተፈትቶ የቆመ ሴሚ ትሬለር ከሆነ የሚደገፍበት የብረት እግሩ ይሰምጣል፤ ጠዋት ለማያያዝ ክሪክ ፍለጋ ይኬዳል። ተዳፋቱ ከመቶ ሁለት አይብለጥ፤ ውሃው ይውረድ፣ የተኛው ሰው ግን ጭንቅላቱ ቁልቁል አይሁን። አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ ያለባት ጎድጓዳ ከተማ ናት፤ ክረምት ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም። ቦዩ ይታሰብበት።

መብራት። አንድ ረጅም ምሰሶ መሀል ላይ ተክሎ «መብራት አለ» ማለት አይቻልም። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ከ4 ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ በሁለት መኪና መሀል ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። ናፍታ የሚቀዳው፣ ባትሪ የሚፈታው፣ የኮንቴይነር ማሸጊያ የሚቆረጠው እዚያ ጥላ ውስጥ ነው። ናፍታው ቢጠፋ ገንዘብ ነው። ማሸጊያው ከተቆረጠ ግን ዕቃው ሳይነካ እንኳ ሹፌሩ ሊታሰር ይችላል። ብርሃኑ ከሁለት ወገን ይምጣ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ጄኔሬተር ይኑር። ጥበቃውም በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ከሚጠጣ በመኪኖቹ መሀል ይዙር።

ውሃ። 60 መኪና ማለት ሹፌርና ረዳት 120 ሰው ነው። ለአንድ ሰው 40 ሊትር ብትይዙ በሌሊት 4,800 ሊትር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ቢቆም አራት ሌሊት ያሻግራል። ሻወሩ ውስጥ ልብስ መስቀያ ይኑር፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ። መስቀያ የሌለው ሻወር ለማን እንደሚሠራ እስካሁን አልገባንም። ሽንት ቤቱ ከንፋሱ በታች በኩል ይሁን፤ ከተማዋ አጠገብ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ንፋስ ስለጠፋ አይደለም። ለሴት ሹፌሮች የራሳቸው በር ይኑራቸው። ጥቂት ናቸው ተብሎ አይዘለል።

ረዳቶች በሁለት መኪና መሀል ከሰል አቀጣጥለው ሽሮ ይሠራሉ፤ ጎናቸው ነዳጅ የሚጭን ቦቴ ቆሟል። «ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ረሃብ አያስታግስም። ጣሪያ ያለው፣ የሲሚንቶ መደብ ያለው ማብሰያ ይሠራላቸው፤ ቦቴዎች ደግሞ ለብቻቸው ራቅ ብለው ይቁሙ። ምግብ ቤቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሚገባም ክፍት ይሁን። የፆምና የፍስክ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ድስት ይለይ፤ ለሰላት መታጠቢያና ንጹሕ ቦታ ይኑር።

ጎሚስታው ጋ የብረት ቀፎ ይቀመጥ። ቀለበት ያለው ቸርኬ ላይ ጎማ ሲነፋ ቀለበቱ ካልገባ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል፤ ቀፎ ውስጥ ከተነፋ ቀፎውን ይመታል። የአየር ቱቦው 25 ሜትር ይርዘም፣ የመጨረሻው ጎማ ድረስ ይድረስ።

ማደያው ከማደሪያው ይለይ። ናፍታ ሲጠፋ የሚሠራው ሰልፍ መውጫውን ከዘጋ፣ ናፍታ የማይፈልገውም ታስሮ ይውላል። የማደያው ጣሪያ ከፍታ 5 ሜትር ይሁን፤ አሁን ያሉት ብዙዎቹ ጫፋቸው ለምን እንደተጨረማመተ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ጊዜዬ አልቋል፤ መሪው ሰዓት እያሳዩኝ ነው። አንድ ጥያቄ አቅርቤ ልውረድ። ኮንክሪቱ ሳይፈስ በፊት ንድፉ መሬት ላይ በኖራ ይሰመር፣ በልኩ። እኛ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና እናመጣለን፣ ሹፌሩንም እናንተ ምረጡ። ከበሩ ገብቶ፣ ቆሞ፣ አንድም ጊዜ ወደኋላ ሳይል፣ ኖራውን ሳይረግጥ ከወጣ እንፈርማለን። መኪናው ከእኛ፣ ኖራው ከእናንተ። ቀኑን ዛሬ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንቁረጥ።

አመሰግናለሁ።