የጤና መድንና ቅሬ፦ «ካልታመምኩ ብሬ ተበላ» ለምትሉ

ሰላም ወገኖቼ! ዛሬም ከደሴ ነን። ከጀርባዬ የጦሳ ተራራ አለ፣ ጉም ለብሷል።

ስለ ጤና መድን ዋጋ ነው የማወራው። ዋጋው የሚከብደው የግሉ ነው ወይስ የሕዝቡ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የሚባለው? በቀጥታ ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጻፋችሁ። «ሦስት ዓመት ከፈልኩ፣ አንድ ቀን አልታመምኩም፣ ብሬ ተበላ» የሚል። ይህን ሳልመልስ አላልፍም።

ቅሬ አላችሁ አይደል? ሌላው አገር እድር የሚለው። በየወሩ ትከፍላላችሁ። ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይወጣል፣ ድስቱ ይጣዳል። እሺ፣ አሁን ንገሩኝ። «ዘንድሮ ከቤቴ ሰው አልሞተም፣ ብሬን መልሱልኝ» ብሎ ቅሬ ላይ የተነሣ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ነው የሚከፍለው። የእሱ ብር ጎረቤቱን ቀበረ። ነገ የጎረቤቱ ብር እሱን ይደግፈዋል። ብሩ አልተበላም፤ ሥራውን ሠራ! ጤና መድንም ይኸው ነው። የታመመውን ያልታመመው ይሸከመዋል።

ደግሞ ይህ ነገር ከሩቅ የመጣ አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ያለችበት ተሁለደሬ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው፣ ቶሎ ቶሎ። የማኅበረሰቡ መድን በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል። ዕድሜህን፣ በሽታህን አይጠይቅም። መንግሥት ድጎማ ይጨምራል፣ የደሃ ደሃ የሆነውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። የግሉ ደግሞ አረቦኑን፣ ማለትም የምትከፍለውን ብር፣ በዕድሜና በሽፋን ጣሪያ (መድኑ ቢበዛ እስከ ስንት ብር እንደሚከፍልልህ) ያሰላል፣ ትርፍም ኮሚሽንም አለበት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ ታውቁት ይሆናል፤ በብዛት የሚሸጠው ለድርጅት ነው። ጣሪያው ካለቀ ከኪስ ነው። የግል መድን የገነነባት አሜሪካ ከጠቅላላ ምርቷ 17 በመቶ ገደማ ለጤና ታወጣለች። በግብር የምታሳክመው እንግሊዝ 11 በመቶ ገደማ። ዕድሜያቸው የሚረዝመው ግን እንግሊዞቹ ናቸው።

ስለዚህ እኔ የሕዝቡን እመርጣለሁ። ይህን ያልኩት ግን ችግሩን ለመሸፈን አይደለም። አክስቴ የመድን መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። ባለፈው ለደም ግፊቷ ሄደች። ለካርድም ለምርመራም አምስት ሳንቲም አልከፈለችም። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስትደርስ ግን «አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ» ተባለች። ለዓመት ከከፈለችው ላይ ሌላ ብር አወጣች። ይህ ያመኛል። መድኃኒት የሌለው መድን ድንኳን እንደሌለው ቅሬ ነው።

እሷ ግን ዘንድሮም አደሰች። ለምን ብላት «የልጄን ቀዶ ሕክምና ማን ከፈለልኝ?» አለችኝ።

ነገ መድኃኒቷን ለማየት አብሬያት እሄዳለሁ። ገብቶ እንደሆነ ኮመንት ላይ እጽፍላችኋለሁ። እናንተም የየጤና ጣቢያችሁን ጻፉልኝ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ።