ካልሲው

እሺ፣ እንዴት ናችሁ? መኪናዋን እንዳትጠይቁኝ። አልተሸጠችም።

የቅዳሜው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቅርጫት ኳስ የማሰለጥናቸውን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ያ ዝምተኛው መሮጥ አቆመ። «ምነው? አያትህ ይሻላሉ!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ምንም አላለም፤ ሮጠ። እያነከሰ ሮጠ።

ማነከሱን አይቻለሁ እኮ። ወይስ አሁን ነው ያየሁ የሚመስለኝ?

ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተጨማዶ፣ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ፣ ደሙ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል። ቀስ እያለ ላጠው። እኔ ኳስ እየሰበሰብኩ ነበር።

ደግሞ እኮ ጆን ውደን፣ ጆን ውደን እያልኩ ስለዚያ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጆሯችሁን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ! በ12 ዓመት 10 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ፣ ከ1967 እስከ 1973 ሰባቱን በተከታታይ። ያ ሰው የዩሲኤልኤን፣ የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ፣ ልጆች የመጀመሪያ ቀን ምን ያስተምራቸው ነበር? ካልሲ ማድረግ። ያኔ አልሲንደር ይባል የነበረውን ካሪም አብዱልጀባርን የሚያህል ቁመታም ጎረምሳ አስቀምጦ፣ ጣት ጋ ሳብ፣ ተረከዝ ጋ እጥፋት እንዳይኖር። ከታጠፈ እግር ይላጣል፣ የተላጠ እግር አይሮጥም። በቃ። ይሄን ለወላጆቹ ሁሉ እያሳቅኩ አውርቻለሁ።

1948 ነው እዚያ የገባው። የመጀመሪያው ዋንጫ 1964! ዛሬ ቢሆን በሦስተኛው ዓመት ሻንጣውን ያስይዙታል። የኛ ሰው ደግሞ በሦስተኛው ጨዋታ።

ምን ልላችሁ ነበር... አዎ፣ ኖትር ዳም ከሚባለው ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጫወቱት። ጥር 1974። የውደን ልጆች 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈዋል። ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀር በ11 ነጥብ ይመራሉ። ከዚያ አንድም አላስገቡም። 71 ለ70 ተሸነፉ። ውደን ያቺን ሁልጊዜ ጠቅልሎ የሚይዛትን ወረቀት ይዞ ተቀምጦ ምን እያየ ነበር? እሱም አላየም ማለት ነው? አይ፣ ራሴን ለማጽናናት ነው መሰለኝ። እሱ ጨዋታ ነው የተሸነፈው። ልጅ ላይ አላሳቀም።

ካልሲ ገዛሁለት። ሁለት ጥንድ፣ ወፈር ያለ። ያቺው መኪና ውስጥ ነው። ግን የእግሩን ቁጥር አላውቅም። እናቱን ልጠይቅ ብዬ ስልኩን አነሳሁና... «ለምን ፈለግከው?» ብትለኝስ? ነግሯት ይሆን? ካልነገራት ደግሞ...

ቆይ፣ ውሃ ጥጄ ነበር።