ልጅቷን የሚመስል ትምህርት ቤት

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዎሚንጀካ። በወይወሩንግ ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ነው። ይህ አዳራሽ የቆመበት የሜልበርን መሬት የኩሊን ሕዝቦች ነው፤ ቃሉም የእነሱ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ስንኖር አሥርም ሃያም ዓመት ሆኖናል። የባለአገሮቹን ሰላምታ የምናውቅ ግን ጥቂት ነን።

ዛሬ የማነሳው የአቦርጂናል፣ ማለትም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ ልጃገረዶችን ትምህርት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

«ልጅሽ ተምራ ለወግ ለማዕረግ ትብቃልሽ» እኛ ዘንድ ምርቃት ነው። እዚህ አገር ግን ብዙ እናቶች በትምህርት ስም ልጃቸውን ተነጥቀዋል። በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ኩታማንድራ በምትባል ከተማ፣ ከቤተሰብ የተወሰዱ ሴት ልጆች የሚገቡበት ቤት ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ሠርቷል። የሚማሩት ማጠብ፣ መተኮስ፣ ወለል መወልወል ነው፤ ሲያድጉ የነጮች ቤት ሠራተኛ እንዲሆኑ። እንዲህ ስለተወሰዱት ልጆች መንግሥት በፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 ነው። ትናንት ማለት እኮ ነው!

እንግዲህ አንዲት አያት የልጅ ልጇን ትምህርት ቤት መላክ ብትፈራ ይፈረድባታል? «እነሱ መማር አይወዱም» ሲባል ስሰማ በጣም የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ሂሊስ ማሪስ የሚባሉ፣ ዮርታ ዮርታ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ የሆኑ ሴት በ1983 ዎራዋ ኮሌጅን አቋቋሙ። ኮሌጅ ይባል እንጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እሳቸው በ1986 አረፉ፤ ሥራቸው ቀጠለ። ዛሬ ሂልስቪል ውስጥ ያለ የሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከሩቅ መንደሮች ሳይቀር ልጆች ይመጡበታል።

መሬቱም ታሪክ አለው። በ1863 የኩሊን ሰዎች ሰፍረው ያለሙት፣ ኮራንደርክ የተባለው ሰፈር አካል ነው። ሊያስለቅቋቸው ሲሉ ሽማግሌው ዊልያም ባራክ ከሰዎቻቸው ጋር እስከ ሜልበርን በእግራቸው መጥተው አቤት አሉ። በ1886 ግን «ቅይጥ ናችሁ» የተባሉትን፣ ከ34 ዓመት በታች ያሉትን፣ የሚያስወጣ ሕግ ወጣ። ጉልበት ያለው ሁሉ ሲሄድ ማን ያርሳል? ሴት ልጆቹ ዛሬ የሚማሩት እዚያ መሬት ላይ ነው።

ልጅቷን የሚመስል ትምህርት ቤት ስል ምን ማለቴ ነው? ከሩቅ ለመጣች ልጅ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋዋ ሊሆን ይችላል። ሂሳቡ ከበዳት ስንል ያልገባት እንግሊዝኛው ይሆናል። መምህሯን ዓይን ዓይኑን አታየውም። በብዙ ማኅበረሰቦቻቸው ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነውና። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። የእኛንም ልጆች ለዚሁ ጨዋነታቸው «አያዳምጡም» ብሎ የጻፈባቸው አስተማሪ አለ።

ለቅሶም አለ። «ሶሪ ቢዝነስ» ይሉታል። ዘመድ ሲሞት ልጅቷ አገሯ ትገባለች፤ አንዳንዴ ሳምንታት ትቆያለች። ይህን የማያውቅ ትምህርት ቤት «ቀሪ» እያለ ይመዘግባታል፤ ስትመለስ ክፍሉ ጥሏት ሄዷል። የሚያውቅ ትምህርት ቤት ግን ለቤተሰቧ ይደውላል፣ ያለፋትን ትምህርት ያቆይላታል፣ ስትመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ያዘጋጃል። ለቅሶ ቤት መዋል ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ለዎራዋ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት የትምህርት ቤቱን ሰዎች እንጠይቃቸው። ዛሬ ሦስት ሰው እንምረጥ፤ ቢቻል ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። «ጎረቤቶቻችሁ ነን፤ ምን ይጠቅማችኋል?» የሚል ደብዳቤ ይጻፉ። የእኔ ሐሳብ ልጆቻቸውን ለማየት ለሚመጡ እናቶችና አያቶች መጓጓዣ ብንሸፍን ነው። ሌላ ነገር ይሻለናል ካሉ የእነሱ ሐሳብ ይቅደም።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡናው እስኪቀርብ ስማችሁን አስፍሩልኝ። አመሰግናለሁ።