ጊታሩ ዝም ሲል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። ስለ ኳስ ጌም አይደለም፤ እሱማ በየጌም ቤቱ ሲወራ ነው የሚውለው። የጊታር ቅርጽ ባለው ኮንትሮለር ስለሚጫወቷቸው ስለ ጊታር ሂሮና ስለ ሮክ ባንድ ነው።

ጊታር ሂሮ የወጣው በፈረንጆቹ 2005 ነው። የሠራው ሃርሞኒክስ የሚባል ድርጅት በ2007 ድራምና ማይክ ጨምሮ ሮክ ባንድን አመጣ። የጊታር ኮንትሮለሩ ክር የለውም። አንገቱ ላይ አምስት ባለ ቀለም ቁልፎች አሉ። ቀለሞቹ ስክሪኑ ላይ ወደ እናንተ እየወረዱ ይመጣሉ። በግራ እጅ ቁልፉን ይዞ፣ በቀኝ መምቻዋን ቀጭ ማድረግ ነው።

መሰንቆ የሚጫወት አንድ ወዳጄ ይሄን አይቶ «ይሄማ የልጅ መጫወቻ ነው» አለኝ። ብዙ ሙዚቀኞችም የሚሉት ይሄንኑ ነው። የሱ ምክንያት ግን ጠንካራ ነው። መሰንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ነው። ቁልፍ የለ፣ ምልክት የለ። ጣቱ በጎን ክሩን ነካ ሲያደርግ ድምፁ እዚያው ይፈጠራል፤ ትንሽ ሲንሸራተት ሌላ ድምፅ ይሆናል። «ጌሙ ድምፁን ሠርቶ ጨርሶ ነው የሚሰጥህ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ጌም ውስጥ ስትስቱ ጊታሩ ዝም ይላል። ድራሙ ይቀጥላል፣ ዘፋኙ ይቀጥላል፣ የእናንተ ድርሻ ብቻ ባዶ ይሆናል። እኔ በዘፈን ውስጥ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር) ምን እንደሚሠራ በደንብ የሰማሁት የሱን ድርሻ ስጫወት ነው፤ እኔ ስሳሳት እሱ ሲጠፋ። ስንት ዓመት በጆሮዬ ሲያልፍ የኖረ ድምፅ! ጣት ባያስተምርም ጆሮ ያስተምራል። ለኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው ተጫዋቹን የሚያማርረው የቴሌቪዥን መዘግየት ነው። በትክክል መትታችሁ ሳታችሁ ትባላላችሁ። ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ምስሉንና ድምፁን ከምታችሁ ጋር የሚያስማማውን ማስተካከያ፣ ሳታስተካክሉ በጌሙ አትፍረዱ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ክሎን ሂሮ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ጌም አለ፤ ተጫዋቾች የራሳቸውን ዘፈን ያስገቡበታል። ቀለሞቹ የሚወርዱበትን ቻርት የሚሠራው ሰው ነው። ታዲያ የጎጃም ዘፈን ለምን አይገባበትም? የእስክስታው ምት፣ ያ ትከሻ የሚያስነሳው 6/8፣ ቻርት ላይ ይጻፋል። አዝማሪ ግጥም ሲቀበል ምቱን ይለጥጠዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ቦታ በቦታ ማስተካከል ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል።

ችግሩ ቀረጻው ላይ ነው። ድምፁ በአንድ ፋይል ተደባልቆ ከመጣ፣ ስትስቱ ለይቶ ዝም የሚያሰኘው መሰንቆ አይኖርም። ያ ዝምታ ከሌለ ደግሞ የጌሙ ትምህርት ግማሹ ጠፋ።

እና እዚህ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ድምፅ የምትቀርጹ ልጆች፦ አዝማሪውን አስፈቅዳችሁ፣ ከፍላችሁ፣ መሰንቆውን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ ቅረጹልኝ። ቻርቱን እኔ እሠራዋለሁ። በሉ ደህና ሰንብቱ።