ከካፖርቱ ገበር የወጣችው ምልክት

የተከበራችሁ የቀድሞ ሠራዊት አባላት፣ የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁም ሆናችሁ እዚሁ ደሴ ያላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በቋንቋችን ወታደርን «መለዮ ለባሽ» ስንል የጠራነው በጠመንጃው ሳይሆን በሚለየው ምልክት ነው። ዛሬ የምናገረው ከመለዮዎቹ ሁሉ ትንሿ ስለሆነችው፣ በክንድ ላይ ስለምትሰፋው የክፍል ምልክት ነው። ማዕረግ ማን ማንን እንደሚያዝ ይነግረናል፤ የክፍል ምልክት ግን ሰውየው ከእነማን ጋር እንደተራበ፣ እንደተጠማና እንደተዋጋ ይነግረናል።

አባቴ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ተጉዞ ደሴ የገባው የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ መንገድ ላይ ሰው የሰጠውን ጋቢ ለብሶ ነበር። ከሸሚዙ ያስቀራት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ የክፍለ ጦሩን ምልክት ስፌቷን በምላጭ ፈትቶ አወጣት፣ እናቴም በካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፋችለት። እኛ ልጆቹ ይህን ያወቅነው ከዓመታት በኋላ ገበሩ ሲቀደድ ነው። የመዳፍ ግማሽ የማታክል ጨርቅ ናት፤ ቢጫው ክሯ በላብና በፀሐይ ነጥቷል፣ በአንድ ጥጓም ምላጩ ስቶ የቆረጣት ይታያል። ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው የውጊያ ታሪክ አልነገረኝም። የመቶውን ልጆች አንድ በአንድ ቆጠረልኝ፤ ማን የባቲ ልጅ እንደነበር፣ ማን ከጎጃም እንደመጣ፣ ማን ደብዳቤ ማንበብ ስለማይችል እሱ ያነብለት እንደነበር። አንድ ስም ጠርቶ ዝም ሲል ያ ሰው እንዳልተመለሰ ይገባኝ ነበር።

አባቴ ሲያርፍ ምልክቷን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከፎቶግራፉ ሥር አኖርናት። በማግስቱ አንድ የማናውቃቸው አዛውንት በከዘራ ተደግፈው ገቡ፤ ፎቶግራፉን አልፈው ጨርቋ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። በዚያው ክፍለ ጦር በሌላ ብርጌድ እንደነበሩና አባቴን በአካል እንዳላወቁት የነገሩን ኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን «ወንድሜ ነው» ብለው አለቀሱ፣ ሦስቱንም ቀን ከእኛ ጋር ተቀመጡ።

ይህ ስሜት የአንድ ዘመን ወይም የአንድ አገር ወታደር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 የአሜሪካ 81ኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች የዱር ድመት ምስል በክንዳቸው ሰፍተው ሲገኙ ሌሎቹ ክፍሎች አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን አዛዦቹ ለሁሉም ፈቀዱ። የእኛም ልጆች ከክቡር ዘበኛ ተመርጠው፣ የራስ መኰንንን የፈረስ ስም በያዘው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲገቡ የተመደቡት ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። የዚያ ክፍለ ጦር ምልክት በቀይ ክብ ላይ የተሣለ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ነው፤ አንዱ ቀጥ፣ ሌላው ተገልብጦ የተጋጠሙ ሁለት የሰባት ቁጥሮች ናቸው። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ጦርነት ወደቁ፣ አንድም ምርኮኛ ግን አልሰጡም።

የቀድሞውን ሠራዊት ምልክት የወደቀ መንግሥት ቅሪት ነው እያሉ ቤተሰቡን የሚያሳፍሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እናቴም በዚህ ፍርሃት ነው በገበር ውስጥ የሰፋችው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። ጦሩን ያቋቋመው መንግሥት መሆኑን አልክድም፤ ጨርቋን ያከበራት ግን ውኃውን በኮዳ ክዳን እየለካ ለጓደኛው ያካፈለው ወታደር ነው። ለዚህም ያልተዋጋ ሰው ለጌጥ ሲሰፋት ወይም ለገበያ ስትቀርብ ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የእናታችሁን ሳጥን ስትከፍቱ እንዲህ ያለ ጨርቅ ብታገኙ አትጠቡት፣ አትጣሉት። የለበሰውን ሰው ስም፣ ክፍሉን፣ ያገለገለበትን ዘመንና ቦታ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት። በሕይወት ያላችሁ አባቶች ደግሞ የጓደኞቻችሁን ስም አስጽፉልን፤ ክፍሉን የረሳችሁት እንደሆነ የምልክቱን ቀለም ብትነግሩን እንኳ ሌላ የሚያውቅ ሰው ይገኛል። በዚያ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ የአባቴን ምልክት አስቀምጫለሁ። የሚጽፉ ልጆችም ደብተር ይዘው እስከ ማታ ይቆያሉ።

አመሰግናለሁ።